ልባቸውን ያስቆጠሩት አለቃ

ሃምሳ አለቃ ይርጋ ማረፋቸውን የሰማሁት ዱርቤቴ፣ ከገበሬዎች ማህበሩ መጋዘን በር ላይ ቆሜ የማዳበሪያ ጆንያ ሳስራግፍ ነው። ጥላሁን የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሳይወርድ በመስኮት ጠራኝ። ጥላሁን ባሕር ዳር የእሳት አደጋ መኪና ይነዳ በነበረበት ጊዜ አብረን ሠርተናል፤ ሳይቀልድ አፉን የማይከፍት ሰው ነው። ያን ቀን ቀልድ አልነበረውም።

"አለቃ አረፉ" አለኝ። "ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው። እህታቸውን ልወስድ ነው የመጣሁት፤ ጣቢያ ያሉት ሰዎች አንቺንም ይዘሃት ና ብለውኛል።"

ሰው ሲሞት የሚባለውን ሁሉ ትቼ "ልባቸው ነው?" አልሁት።

"ልባቸው ነው። ጫማቸውን ሲያስሩ።"

ጆንያውን እንደተቆለለ ትቼ ወጣሁ። ኃላፊዬን አላስፈቀድሁም፤ ቢቆጣ ይቆጣ። እህታቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ እኔ መሀል ገባሁ፣ መኪናው ተነሣ።

በእኔና በሃምሳ አለቃ መካከል ያልተዘጋ አንድ ነገር ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት በሰዎቻቸው ፊት አንድ ቁጥር ጮክ ብዬ ተናገርሁ፤ ያ ቁጥር ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቆሙበት ቦታ አወረዳቸው። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ግን አዋርጃቸው ይሆን ወይ እያልሁ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከራሴ ጋር ስጣላ ኖርሁ። ይቀየሙኝ እንደሆነ አንድ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ስል ቆየሁ። ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ሰውዬውን ላላወቀ መጀመሪያ ሰውዬውን ልንገር።

አጭር ናቸው፤ ትከሻቸው ግን በር ይዘጋል። የማክሰኝት ሰው ናቸው፣ ወታደር ቤት ቆይተው ነው ባሕር ዳር የእሳት አደጋ ጣቢያ የተመደቡት። ሌላ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የእሳቸው ግን ዝቅ ይላል፣ በጣም ሲቆጡ ጭራሽ አይሰማም፣ ሰዎቹም የሚፈሩት ያንን ነው። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ቆመው ያነባሉ፣ ቆመው ይፈርማሉ፣ ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ። ወንበራቸው ላይ የሚቀመጠው አቧራ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሲያስብ ራሱን ያካል፤ እሳቸው ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ሥር ያሳርፋሉ፣ የደም ሥሩ ላይ።

እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኮሌጅ ሳይደርሰኝ ሲቀር ስልክ እንዳነሣ ቀጠሩኝ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ከስሙ በቀር ምንም የለኝም። ስልኩ በሳምንት አንዴ ቢጮህ ነው፣ ያውም ቁጥር የተሳሳተ ሰው። እጄን አጣምሬ መዋል ስለማልችል ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል ሰዎቹ "ይቺ ልጅ እግሯ ላይ እሳት ተነሥቷል እንዴ" ይሉኝ ነበር።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት ገብሬ የሚባል እሳት አጥፊ ነበራቸው። አንድ ቀን የጥጥ መጋዘን ተቃጠለና ብዙ ታግለው አጠፉት። ገብሬ ፀጉሩ እንኳ ሳይለበለብ ወጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ የመኪናውን ጎማ ተደግፎ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። አርባ ዓመት አልሞላውም። ከተማው ምች ነው አለ። ገሚሱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ ብርቱ ሰው ስለነበር። ባልደረቦቹም ከዚያ ወዲያ ለእሳት ሲጠሩ ለምች ይሆናል ብለው ዳማከሴ በኪሳቸው ይይዙ ጀመር።

ሃምሳ አለቃ ግን ሐኪም ቤት ሄደው ሬሳውን ያየውን ሐኪም ጠየቁ። ልቡ ነው አላቸው። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዳማ ሲጫወት፣ ሲያጨስና ጮማ ሲቆርጥ የዋለ ሰው ደወል ሲሰማ ብድግ ብሎ፣ ከባድ ልብስ ለብሶ፣ ቱቦ ተሸክሞ እቶን ውስጥ ይገባል፤ ልቡ ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይሰበራል። ሃምሳ አለቃ ጣቢያው ሲመለሱ መጥረቢያ አመጡና አግዳሚውን በገዛ እጃቸው ፈልጠው ለግቢው ጥበቃ ማገዶ ሰጡት። "ገብሬን እሳት አልገደለውም" አሉ። "ይኸ ነው የገደለው።" ዳማከሴውን ይጣሉት እንደሆነ ጠየቋቸው። "ያዙት፤ ሽታው ደስ ይላል። ግን ሩጡ" አሏቸው።

ሩጫው የተጀመረው እንዲህ ነው። በየቀኑ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከጣቢያው ተነሥተው፣ ሐይቁን ዳር ዳሩን በዘንባባዎቹ ሥር አድርገው፣ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሰው ይመለሳሉ። ከፊት ሃምሳ አለቃ፣ ከኋላ ሰባት ሰው። ከተማው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ። ዓሣ ሻጮቹ "እሳቱ በዚያ በኩል ዞሯል፣ ቶሎ ድረሱበት" እያሉ ያላግጡባቸዋል። ቀበሌው ደግሞ ያለ ፈቃድ በቡድን የሚካሄደው ሩጫ ዓላማው ምን እንደሆነ በአስቸኳይ ይገለጽልን ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱን እንድመታ ታይፕ ላይ አስቀመጡኝና "ዓላማው ልብ ነው" በዪ አሉኝ። ቀልድ ይመስላል፣ ይጣሉናል አልኋቸው። "ሌላ ዓላማ ካገኘሽ ጨምሪበት" አሉ። አላገኘሁም፤ እንደዚያው ሄደ።

በሑዳዴም ችግር መጣ። ሰዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፣ እሳት ደግሞ ፆም አያውቅም። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ጿሚ ስለሆኑ ተው ማለት ከበዳቸው። የንስሐ አባታቸውን ጣቢያው ድረስ አመጧቸው። ቄሱ ለውሃ ብሎ ፆም መግደፍ አይሆንም ብለው ብዙ ተናገሩ። ሃምሳ አለቃ በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ የረጠበውን ቱቦ አንሥተው "አባ፣ እንግዲያው ይህቺን ይዘው ከዚያች መሰላል ጥቂት ይውጡልኝ" አሉ። ቄሱም ጎበዝ ናቸው፣ ሞከሩት። ሦስት እርከን ወጡና ቆሙ። "ተረኛ የሆነ ሰው ውሃ ይጠጣ" አሉ ከላይ ሆነው፣ "እኔንም አውርዱኝ።"

ወደ ቆጠራው ልምጣ።

ሰኞ ሰኞ ፈተና ነበር። እያንዳንዱ ሰው የቱቦ ጥቅል ተሸክሞ የመለማመጃውን መሰላል ሦስት ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ያርፋል፤ ከዚያ የእጁ የደም ሥር ተይዞ ትርታው ለአንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ሃምሳ አለቃ ሐኪሙን አማክረው ልክ አበጅተው ነበር፦ ትርታው ከመቶ ሃያ በታች ያልወረደ ሰው ያን ሳምንት ቱቦ ይዞ እሳት ውስጥ አይገባም፣ ውጭ ፓምፑ ዘንድ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ነበር የሚቆጥሩት። የመጀመሪያው ሰኞ ውጤት ሲነበብ ሁሉም ዘጠና ስድስት ሆኑ። በሚቀጥለውም ሰኞ ዘጠና ስድስት። ማን ባልደረባውን "ልብህ ደክሟል" ይለዋል? ታላቁን ሰው ማን ያሳፍራል? ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው "ሰባት ሰው ባንድ ልብ ነው የምትኖሩት?" አሉ። ወደ ስልክ ክፍሉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"አንቺ፣ ይሉኝታ የላትም ይሉሻል።"

"ማን ነው ያለው?"

"ሁሉም።"

ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ቀን የጨዋታ ቀን መሰላቸው። ጋሽ መኩሪያ፣ በዕድሜ ከሁሉም ታላቅ፣ ቦርጫቸው ቀበቶ የሚሸፍን፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ስይዝ "እቴ፣ የሚሮጠው አንቺ ስለያዝሽው ነው" አሉኝና ሰዎቹ ሳቁ። ቆጠርሁ። መቶ አርባ። "እንግዲያው እኔ ከማልይዝዎ ቦታ፣ ፓምፑ ዘንድ ይቁሙ" አልኋቸው። ሳቁ ቆመ። ጋሽ መኩሪያ ሦስት ቀን አላናገሩኝም፤ ሚስታቸው ጣቢያው ድረስ መጥተው ባሌን በልጅ አሰደብህ ብለው ሃምሳ አለቃን ወረዱባቸው። ሃምሳ አለቃ ሰምተው ሲጨርሱ በሰላም ሸኟቸው። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሩጫውን ከፊት መምራት ትተው ከኋላ ከጋሽ መኩሪያ ጎን ሆኑ፤ እሳቸው ሲራመዱ ይራመዳሉ፣ ሲሮጡ ይሮጣሉ፣ አንድም ቀን አልቀደሟቸውም። የሚያጨሱትን ሲጋራም አስተዉዋቸው፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ። ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ መኩሪያን ቆጠርሁና መቶ አሥራ አራት ሆኑ። እኒያኑ ሚስታቸውን ሙዝ አስይዘው ላኩልኝ።

ሃምሳ አለቃ ሁልጊዜ በመጨረሻ ይቆጠራሉ። ሃምሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ግን ከሁሉም የሚያንሰው የእሳቸው ነው፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና። ቁጥሩን ስናገር ወደ ሐይቁ ያያሉ፣ ደስታቸውን እንዳናይ። እሳት ሲነሣ ቱቦውን ጫፉ ላይ ይዘው ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። አለቃ ሌላውን ልኮ ውጭ አይቆምም ባይ ናቸው።

አንድ ክረምት ለሁለት ወር የፖለቲካ ስልጠና ተልከው ሄዱ። ቅዳሜ ተመለሱ፣ ሰኞ ፈተና ነበር። የአብዮት በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በባለሥልጣኖች ፊት የጣቢያው የመለማመጃ ማማ ጫፍ ላይ ወጥተው ውሃ የሚረጩት ሃምሳ አለቃ እንደሆኑ ታውጇል። ሰዎቹ ተቆጠሩ፣ ሁሉም አለፉ። እሳቸው መሰላሉን ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ፣ ሁለት ደቂቃ ቆሙ፣ እጃቸውን ሰጡኝ።

ቆጠርሁ። ቁጥሩ አላማረኝም። ሰዓቱ ቆሞ ይሆናል ብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፤ ይሄዳል። "አንዴ ልድገመው" አልሁና እንደገና ያዝሁ። ያችው ናት። ቀና ስል ሰዎቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ዘጠና ማለት ቀላል ነበር። የሚጠይቀኝ የለም፤ በዓሉ በሰላም ያልፋል፣ ሰውዬው ይከበራሉ፣ እኔም የማልወደድ ሴት አልሆንም። እውነቱን ለመናገር ዘጠና ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ገብሬን በዓይኔ አላየሁትም፣ ግን ጎማውን ተደግፎ ሲቀመጥ ታየኝ።

"መቶ ሠላሳ ሁለት" አልሁ።

ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጅቱ ተሳስታለች፣ ጠዋት ስለሆነ ነው፣ መንገድ ስላደከማቸው ነው፣ ሌላ ሰው ይቁጠር አሉ። ሁለት ሦስቱ እኔን ሊቆጡ ጀመሩ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ከእጄ ሳያወጡ ሰዎቹን አዩ።

"አልተሳሳተችም" አሉ፤ ድምፃቸው እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። "እኔም አብሬ እየቆጠርሁ ነበር።"

የብረት ቆባቸውን አወለቁና እንድሪስ ራስ ላይ ደፉት። እንድሪስ ከወረታ ነጋዴ ቤተሰብ የመጣ፣ እግሩ ቀልጣፋ፣ ንግድ አልወድም ብሎ እሳት የመረጠ ወጣት ነው። ቆቡ እስከ ቅንድቡ ወረደበት፣ ማንም ግን አልሳቀም። ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ሄደው ፓምፑ ዘንድ ቆሙ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። ገበያው አጠገብ የእህልና የላምባ መጋዘን ተያይዟል፣ ሽማግሌው ዘበኛ ውስጥ ነው አሉ። መኪናው ሲወጣ ስልኩን ለጥበቃው ትቼ በእግሬ ተከተልሁ። ስደርስ ጢሱ ሐይቁ ላይ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል፤ እንድሪስና ጋሽ መኩሪያ የውሃውን ቱቦ ይዘው በበሩ ሲገቡ ጀርባቸውን አየሁ። ሃምሳ አለቃ አንድ እጃቸው የፓምፑ መክፈቻ ላይ፣ አንድ እጃቸው ውሃ በሚገፋው ቱቦ ላይ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። እኔን ሳያዩኝ የቀሩ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ሳይሉ "ስልኩን ማን ያዘው?" አሉ።

ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ሴት ድሮ እኮ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ፣ አረጁ መሰለኝ አለች፣ እንዲሰሙ አድርጋ። ካኪ የለበሰ አንድ ካድሬ ቀረበና "ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ልጆቹን እሳት ውስጥ ልከው እርስዎ እዚህ?" አላቸው።

"አዎ ጓድ" አሉት። "ውሃውን የምልክላቸው እኔ ነኝ።"

ውስጥ የሆነ ነገር ተደረመሰ፣ ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። ያን ጊዜ እግራቸውን አየሁ። ቀኝ እግራቸው ብቻውን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ። ቁልቁል አዩት፤ ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት። እጃቸው ከመክፈቻው አልተነሣም። እኔ ያን ቀን ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ከዚያች እርምጃ የከበደ ግን አላየሁም።

እንድሪስ ዘበኛውን በጀርባው አዝሎ ወጣ፣ ጋሽ መኩሪያ ከኋላ። ሽማግሌው ያስላሉ፤ ሕይወት አላቸው። እንድሪስ ሽማግሌውን አውርዶ መኪናው አጠገብ ሲደርስ ሊቀመጥ ጎማውን ያዘ። ሃምሳ አለቃ ፓምፑን ለጥላሁን ትተው በቀበቶው ያዙት።

"አትቀመጥ። ተራመድ፣ አለቃ።"

እንድሪስ ወደ ኋላ ዞሮ ማንን እንደጠሩ ፈለገ። ሌላ አለቃ የሚባል አልነበረም። ደግፈውት መኪናውን ዞሩት፣ ደግመው ዞሩት፣ ትንፋሹ እስኪመለስ፤ ከዚያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት።

በበዓሉ ማማው ጫፍ የወጣው እንድሪስ ነው። ሐኪሙ ሃምሳ አለቃን ዳግመኛ እሳት ውስጥ እንዳይገቡ ከለከላቸው፤ ጨውና ጮማም ከለከላቸው። እሳቸውም ሌላ ቦታ ልዛወር ሳይሉ ፓምፑ ዘንድ ቀሩ። እኔ ዱርቤቴ ሥራ አግኝቼ እስክሄድ ድረስ ሰኞ ሰኞ እየተቆጠሩ፣ ቁጥራቸውም ሲነበብ እያዳመጡ ኖሩ። ለእኔ ቁጣም ምስጋናም አላሳዩኝም። ልቤን የበላው ይኸ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ መኪናው መራዊን አለፈ። ጥላሁንን በሆዴ የያዝሁትን ነገርሁት፤ ያቺን ሰኞ አዋርጃቸው ይሆን አልሁት። ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ከስልጠናው ያመጣኋቸው እኔ ነኝ" አለኝ። "ቅዳሜ ለታ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አቁም አሉኝ፤ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። ሐኪም ቤት ላድርስዎት ብላቸው፣ 'ሰኞ ልጅቱ ትቆጥራለች' አሉኝ። ለእሷ ልንገራት? አልኋቸው።"

"ምን አሉህ?"

"'አትንገራት። ካወቀች ታዝንልኛለች፤ ካዘነችልኝ ትዋሻለች። እኔ ራሴን ማውረድ አቅቶኛል፤ እሷ ታውርደኝ' አሉኝ።"

ልመታው ቃጣኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሆነህ ዝም አልህ አልሁት። አትንገር ተብዬ ነው፣ ዛሬ የሚያዝዘኝ የለም አለኝ፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እህታቸው ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። እኛ አገር ሬሳ ሲሸከሙ ጥቂት ተራምዶ መቀያየር ወግ ነው፤ የዕድሩ ሰዎች ተራ ለመቀበል ከጎንና ከጎን ይሰለፋሉ። ከሃምሳ አለቃ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ያውም ሽቅብ። ቃሬዛውን ያነሡት እሳት አጥፊዎቹ ናቸው። ከፊት በቀኝ እንድሪስ፣ አሁን የጣቢያው አለቃ፤ በግራ ጋሽ መኩሪያ፣ ጡረታ ወጥተው ፀጉራቸው የነጣ፣ ቦርጭ የሚባል የሌላቸው። የመጀመሪያው ማዞሪያ ላይ የዕድሩ ሰዎች ትከሻቸውን አቀረቡ። ጋሽ መኩሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛው ማዞሪያ ላይ የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው መጥተው ይብቃችሁ፣ ወግ ነው አሉ። እንድሪስ በአክብሮት፣ አንቀያየርም፣ አለቃን እኛ ነን የምናደርሳቸው አላቸው።

አልተቀያየሩም። ዳገቱን በአንድ እርምጃ፣ በአንድ ልክ ወጡት። እኔ ባዶ እጄን ነበርሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ የዕድሩ ሰዎች፣ ቀባሪው፣ ካኪ የለበሱት፣ ሁሉም ጉልበታቸውን ይዘው ቆመው ያለከልካሉ። ቃሬዛውን ቀስ ብለው አወረዱት። ከተሸካሚዎቹ አንድም ያለከለከ አልነበረም።